በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፦ ለአማራ ክልል ምክር ቤት፣ ለገንዘብ ቢሮና ለገቢዎች ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የገንዘብ ቢሮና የገቢዎች ቢሮ ኃላፊዎች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ነው። ግብር ማሳወቂያ እሞላለሁ፣ ደረሰኝ አደራጃለሁ፣ ንግድ ፈቃድ ሲታደስ ወረቀት አስተካክላለሁ። ከደንበኞቼ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ አሉ። ዓሣ የሚጠብሱ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ገበያ ውስጥ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚቸረችሩ አሉ። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም እኔ ጋ ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ከፊታቸው ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ይገባኛል።

የምጠይቃችሁን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በጀት ስታጸድቁ፣ የግብር መመሪያ ስታወጡ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ስትጨምሩ ከውሳኔው ጋር አንድ ገጽ ይያያዝ። ገጹ ላይ ይህንን ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ከከፋዮቹ ሴት ስንት ወንድ ስንት እንደሆነ፣ ከሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ማን እንደሚጠቀም ይጻፍ። ከዚያ ሁላችንም እንድናነበው ይለጠፍ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ግብር ሕጉ ላይ «ሴት» ወይም «ወንድ» የሚል ቃል ስለሌለ ሁሉንም እኩል ይነካል ብለን እናስባለን። መዝገብ ላይ የማየው ግን እንደዚያ አይደለም። በ2017 የወጣውን የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395ን እንይ። ጥሩ ነገር አለው፣ መመስገንም አለበት። ከደመወዝ ላይ ግብር የማይቆረጥበት መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለምግብ አብሳይዋ እጅ ላይ የምትቀር ብር ናት። የንግዱ ክፍል ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። በግምት ግብር ይከፍሉ የነበሩ ትንንሽ ነጋዴዎች ያሉበት የድሮው ደረጃ «ሐ» ቀረና ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ሁሉ ደረጃ «ለ» ውስጥ ገባ፤ ግብሩም በመሠረቱ የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደተደረገ ይገባኛል። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ያመጣውን ለቅሶ የሚረሳ ነጋዴ የለም። ገማች መጥቶ ሱቁን በዓይኑ ለክቶ ቁጥር ከሚጽፍ፣ ሽያጭ መቁጠር ይሻላል። ግን ሽያጭና ትርፍ ይለያያሉ። ልዩነቱ ደግሞ በሥራው ዓይነት ይወሰናል።

ለምሳሌ ሁለት ሰው እንውሰድ። ሁለቱም በዓመት 400,000 ብር ይሸጣሉ። አንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ አንዷ ቲማቲም ትቸረችራለች። ሒሳቡ እንዲቀለን ግብሩን 3 በመቶ እንበለው። ሁለቱም 12,000 ብር ከፈሉ፣ እኩል ነው ተባለ። ጠጋኙ ከሽያጩ 40 በመቶ ይተርፈዋል እንበል፤ 160,000 ብር ነው። ግብሩ ከትርፉ የወሰደው 7.5 በመቶ ነው። ቲማቲም ሻጯ 10 በመቶ ከተረፋት ጎበዝ ናት፤ 40,000 ብር ማለት ነው። ያው 12,000 ብር ከእሷ ትርፍ 30 በመቶውን ወሰደ። በዚያ ላይ ክረምት መንገድ ሲዘጋ የበሰበሰው ሳጥን አለ፤ እሱን የገዛችበትን ብር የሚቀንስላት የለም።

ቲማቲሙ ጋ የተቀመጠው ማን ነው? ገበያ ገብታችሁ እዩ። ትርፉ ትንሽ የሆነ፣ ዕቃው የሚበላሽ፣ በትንሽ ብር የሚጀመር ሥራ ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ወደውት የገቡ አይደሉም። የተሻለው ሥራ ሱቅ ይፈልጋል፣ ሱቁ የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ይጠየቅበታል፣ ብሩን ለመበደር ደግሞ የቤት ካርታ ይፈልጋል፣ ካርታው ብዙ ጊዜ በባል ወይም በወንድም ስም ነው። እንዲህ እየተገፉ የመጡበት ቦታ ላይ ግብሩ ሲጨመር፣ ሕጉ ሳያውቀው ሴቷን ሁለት ጊዜ ቀጣት ማለት ነው።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። የፌዴራሉን ሕግ ተከትላችሁ ስትሄዱ በዘርፍ ለይቶ ማየት፣ ዝቅተኛ ትርፍ ላላቸው ሥራዎች ቀለል ያለ ስሌት ማበጀት፣ ቢያንስ ጥያቄውን ወደ ላይ ማቅረብ ትችላላችሁ። ግብር አንክፈል የሚል ሐሳብ የለኝም። ደንበኞቼ ከፍለው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የእቁባቸውን ዕጣ ሐምሌ ላይ እንዲደርሳቸው ለምነው ነው የሚከፍሉት። የሚሉኝ ግን አንድ ነው፦ «ያላገኘሁትን ለምን ይቆርጡብኛል?»

አሁን ደግሞ ወደ ምጣዱ እንሂድ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ዋናው ወጪዋ ከጤፉ ቀጥሎ መብራት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። በ2016 የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ደግሞ መብራትና ውኃን ወደ ቫት አስገብቷል። ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነጻ ተደርጓል፤ ድሃ ቤት እንዳይነካ ታስቦ ነው፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ያ ልኬታ ሲወጣ ምጣድ የታሰበ አይመስለኝም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትጋግር 273 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልጆቿ የሚያጠኑበት አምፖል ሳይቆጠር ማለት ነው። ቤቷ ውስጥ ስለምትሠራ «መኖሪያ ቤት» ናት፤ ስለምትሠራ ግን ከነጻው መስመር አለፈች።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ብቻ የሚያየው አንድ ነገር አለ፣ እባካችሁ አስተውሉት። እንጀራዋን የሚገዛት ትልቅ ሆቴል ለቫት የተመዘገበ ነው። በመብራት ላይ የከፈለውን ቫት ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። እሷ አልተመዘገበችም፣ ስለዚህ የከፈለችው ቫት እላይዋ ላይ ይቀራል፣ ወጪ ሆኖ ይጠፋል። ትልቁ ያወራርዳል፣ ትንሿ ትሸከማለች። ቫት አንድ ዓይነት 15 በመቶ ነው ቢባልም፣ መጨረሻ የሚያርፍበት ትከሻ የተለያየ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንጨት አለ። እንጨቱን የምትሸከመው ማን እንደሆነ ከዘጌ መንገድ፣ ከየገጠሩ መግቢያ ጠዋት ላይ ቆሞ ማየት ነው።

ውኃን ለብቻው ላንሳው። ጣና ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ውኃ በወረፋ እንቀዳለን፤ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ቧንቧው የሚመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ በዘጠኝ ሰዓት የሚነሳው ማን ነው? ባል ነው? ወንድ ልጅ ነው? አብዛኛው ቤት እናት ናት፣ ወይም የምታግዛት ልጅ። ጠዋት ጀሪካን ሲሞላ የሱቁ በር አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። ያ ሰዓት በማንም በጀት ላይ አይታይም። ለከተማው የውኃ መስመር ገንዘብ ሲቀነስ «ወጪ ቆጠብን» ይባላል፣ የተቆጠበው ወጪ ግን የትም አልሄደም፤ ከካዝና ወጥቶ ወደ ሴቶች ጀርባ ተዛወረ። እኔ የበጀት ውይይት ላይ እንዲነሳ የምፈልገው ትልቁ ነገር ይህ ነው። መንግሥት ያላወጣውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሴት በጉልበቷና በሰዓቷ ታወጣዋለች፣ ደረሰኝ የላትም፣ ስለዚህ ማንም አያወራርድላትም።

ልጅ መያዝም እንደዚያው ነው። የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሴቶች ጡት አጥብተው ተመልሰው ይሠራሉ። ገበያ ላይስ? ጉልት የተቀመጠችው ሴት ልጇ ከጎኗ ካርቶን ላይ ተኝቷል፣ ፀሐይ ሲዞር ካርቶኑን ትጎትታለች። ሞግዚት እንዳትቀጥር የሞግዚት ደመወዝ ከትርፏ ይበልጣል። ስለዚህ ወይ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ ትልቋን ልጅ ከትምህርት ቤት ታስቀራለች። በየሼዱና በየገበያ ማዕከሉ ግንባታ ዲዛይን ላይ አንድ ክፍል ለሕፃናት ማቆያ ቢጨመር ግንባታው ላይ የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ትልቁ ወጪ የተንከባካቢዎች ደመወዝ ነው፣ እሱም ቢሆን ለሌሎች ሴቶች ሥራ ነው።

ይህ ህልም እንዳይመስላችሁ። አገራችን ሠርታ አሳይታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር ውሳኔው የበጀት ውሳኔ ነበር፦ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ይቀመጡ። ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያዋ ደመወዝተኛ ሴት ናቸው። እናቶችም ሕፃናትም ተረፉ። ደመወዛቸው ዛሬም ለሥራቸው አይመጥንም፣ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ግን ገንዘብ ወደ እንክብካቤ ሥራ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አይተናል።

የመሬት ደብተሩንም አስታውሱ። በዚሁ በእኛ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር መሬት ሲመዘገብ የሚስትም ስም ፎቶዋም ከባሏ ጎን ደብተሩ ላይ ገባ። ያ ውሳኔ ከወረቀትና ከፎቶ ብዙም ያለፈ ወጪ አልነበረውም። ስንት ሴት በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን ከመውጣት እንዳዳናት እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የከተማው ካርታ ላይስ ለምን ያው ልማድ አይጠነክርም? ሁለቱን ስም የሚያስመዘግብ ባለትዳር ከአገልግሎት ክፍያው ላይ ቅናሽ ቢደረግለት፣ በነገው ብድር ጥያቄ ላይ ሴቷ ዋስ ፍለጋ ዘመድ አትዞርም ነበር።

ብድርን ካነሳሁ፤ ፀደይ ባንክ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቡድን ዋስትና ብዙ ሴቶችን አስጀምሯል። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ነው። የቡድን ብድሩ የሚያንሳት፣ የባንክ ብድሩ ደግሞ ካርታ የሚጠይቃት ሴት መሐል ላይ ትቀራለች። አራት ምጣድ ያላት ስምንት ማድረግ ትፈልጋለች፣ የሚሰማት የለም። በ2011 የወጣው አዋጅ 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ምጣድም፣ ማቀዝቀዣም፣ የልብስ ስፌት መኪናም ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ክልሉ ትንሽ የዋስትና ገንዘብ ቢመድብ አበዳሪው ይደፍራል።

አሁን ስለ ወሊድ ፈቃድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ትክክለኛ መብት ነው። ግን ደመወዙን ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው ማን ነው? አሠሪው ብቻውን። አንድ ደንበኛዬ፣ ራሷ ሴት ናት፣ አነስተኛ ሱቅ አላት፣ ገንዘብ ያዥ ፈልጊልኝ አለችኝና ቀጥላ «ወንድ ቢሆን ይሻለኛል» አለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። አንዷ ሠራተኛ ስትወልድ የአራት ወር ደመወዝ ከፍላ ለተተኪዋም ከፍላ መቆም አትችልም። አሠሪ ለጡረታ 11 በመቶ፣ ሠራተኛ 7 በመቶ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት ይሆናል፣ ለወሊድ ግን አይሆንም። ሁሉም አሠሪ፣ ወንድ የቀጠረውም ሴት የቀጠረውም፣ ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ የወሊድ ደመወዝ ከአንድ ቋት ቢከፈል «ወንድ ይሻለኛል» የሚለው ነገር ምክንያቱን ያጣል። ይህ የፌዴራል ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ምክር ቤታችን ድምፅ አለው፤ ያንሳው።

ከዚህ ጋር የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሳላነሳ አላልፍም። የባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎናል። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከየወረዳው መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚኖሩ። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገባ ባለሀብት እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው ለዓመታት ከገቢ ግብር ነጻ ይሆናል፣ ማሽኑንም ያለ ቀረጥ ያስገባል። ይህም የመንግሥት ወጪ ነው። ካዝና ገብቶ ባይወጣም፣ ሊገባ የነበረ ገንዘብ ነውና። ታዲያ ያን ያህል ከተሰጠ፣ በምላሹ ምን ተጠየቀ? ሕፃናት ማቆያ ተጠየቀ? ማታ ፈረቃ ለምትወጣ ልጅ ሰርቪስ ተጠየቀ? የግል ዘርፉ እስካሁን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም፤ ወለሉን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም በዚያው አዋጅ 1156 ላይ ተጽፏል። ቲማቲም ሻጯ ያላተረፈችውን ስትከፍል፣ ነጻ የተባለው ፋብሪካ ውስጥ ያለችው ልጇ በደመወዟ የቤት ኪራይ መክፈል ካቃታት፣ እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መታየት አለባቸው።

ስለ ዓሣም አንድ ነገር ልበል፣ የሐይቁ ዳር ሰው ነኝና። የጣና ዓሣ ሀብት ሲደገፍ መጀመሪያ የሚነሳው ጀልባና መረብ ነው። ጀልባና መረብ የወንድ ሥራ ነው። ዓሣውን የሚያጸዱት፣ የሚጠብሱት፣ ተሸክመው የሚሸጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ ያለው ማጽጃ ቦታ፣ በረዶ፣ ጥላ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ እስከ ከሰዓት ካልተሸጠ ዋጋው ይወድቃል፣ ማታ ላይ በግማሽ ይሸጣል ወይም ይጣላል። አንድ በረዶ ቤት ለስንት ሴት ትርፍ እንደሚሆን አስቡት። እምቦጩ ሐይቁን ካለበሰ ወዲህ ዓሣው ራሱ እየራቀ ነው፤ ለእምቦጭ ማጨጃ የሚወጣው ገንዘብ ትክክል ነው፣ ይቀጥል። ግን የዓሣ ፕሮጀክት ሲጻፍ ዳር ላይ የቆሙትም ይቆጠሩ።

የከተማው መንገድ እየሰፋ፣ እያማረ መሆኑን አያለሁ። ደስ ይላል። ከዚያ መንገድ ዳር የተነሱት ቡና አፍይዎችና ቆሎ ሻጮች የት እንደገቡ ግን በዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ እመኝ ነበር። አስፋልት ሲነጠፍ የመቀመጫ ቦታም አብሮ ቢታቀድ ብዙ ወጪ የለውም።

የንጽሕና መጠበቂያ ጉዳይን በአጭሩ። የገንዘብ ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞዴስ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ አወረደ፣ ጥሬ ዕቃውን ደግሞ ነጻ አደረገ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ቫቱን ራሱን አንስታለች፣ ደቡብ አፍሪካም በ2019 እንዲሁ። እዚህ ግን ቅነሳው ሱቁ መደርደሪያ ድረስ መድረሱን የተከታተለልን አላየሁም። ዋጋው ወርዶ አያውቅም። በየትምህርት ቤቱ ለሴት ተማሪዎች የሚሆን በጀት በክልል ደረጃ መመደብ ይቻላል፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም።

«ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል፣ የት ተሞክሯል» ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የመንግሥት ፋይናንስ ሕግ በጀቱ የሴቶችንና የተጎዱ ወገኖችን ጉዳይ ማካተቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት አብሮ ካልቀረበ ፓርላማው በጀቱን አያጸድቅም። ለእኛም ቢሆን መሠረቱ አለ። የፌዴራል የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ በ2008 በቁጥር 970 ሲሻሻል፣ በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ እንዲካተት ተደንግጓል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲሆኑ የማካካሻ እርምጃ እንዲወሰድ ይላል። ሕግ አላጠረንም። ያጠረን የሚለጠፍ ገጽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝን መልስ አውቃለሁ፦ «የሴቶች ቢሮ አለ፣ በጀት አለው።» አለው፣ ትንሽ ነው፣ የሚሠሩትም ይለፋሉ። ግን የውኃውን፣ የመንገዱን፣ የግብሩን ውሳኔ የሚወስነው እሱ አይደለም። የእሱ በጀት በእጥፍ ቢጨምር እንኳ የቲማቲም ሻጯን 30 በመቶ አይቀንስላትም። ጥያቄው ስለ ሙሉው በጀት ነው።

ሌላው መልስ «መረጃ የለም» ነው። መረጃው አለ። እያንዳንዱ ግብር ከፋይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሲያወጣ ፆታው ተመዝግቧል፣ የሥራ ዘርፉም ተመዝግቧል። ደረጃ «ለ» ግብር ከፋዮችን በፆታና በዘርፍ ለይቶ አውጥቶ፣ ማን ምን ያህል እንደከፈለ ማሳየት ለአንድ ሲስተም ለሚያውቅ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። ስም አያስፈልግም፣ ድምሩ ይበቃል። ከባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች በአንዱ ብቻ ጀምሩት። የጸጥታው ችግር ገበያውን ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው ሁላችንም እየኖርነው ነው፤ ሽያጭ በወደቀበት ዓመት ማን የበለጠ እንደተጎዳም ያው ሠንጠረዥ ይነግራችኋል።

ስለዚህ ለመጪው ሐምሌ በጀት የምጠብቀው ይህ ነው። ገንዘብ ቢሮ ለሴክተሮች የበጀት ጥሪ ደብዳቤ ሲልክ ያን አንድ ገጽ ሞልታችሁ አምጡ ይበል። ገቢዎች ቢሮ ሠንጠረዡን ያውጣ። ምክር ቤቱ ገጹ ያልተሞላለትን በጀት ይመልስ። ከማጽደቃችሁ በፊት ደግሞ አንድ ውይይት ገበያ ውስጥ አድርጉ፣ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን። ቅዳሜ አታድርጉት፣ ቅዳሜ ሽያጭ ነው። ሰኞ ከሰዓት ይመቻል። ልጅ ይዞ መግባት ይፈቀድ። ቁጥሮቹን ለተሰብሳቢው በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ከቸገራችሁ እኔ አለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም። እንደኔ ሒሳብ የሚሠሩ ሌሎች ሴቶችም አናግሬያለሁ፣ እናግዛለን ብለዋል።

መልሳችሁን በየክፍለ ከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር